«ደርሰዋል» ካለ በኋላ በሩን ማግኘት፦ ነጭ በትር ይዘው በጂፒኤስ ለሚሄዱ

ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው። «አፑ ደርሰሃል ይለኛል፤ በሩ ግን የለም። ስልኬ ነው የተበላሸው ወይስ እኔ አላወቅሁበትም?» የሚጠይቁኝ ዓይነ ስውራን ናቸው። ጭላንጭል ያላቸውም አሉ።

አብዛኛውን ጊዜ ስልኩም አልተበላሸም፣ ሰውየውም አላጠፋም። ጂፒኤስ የሚያደርሰው እስከ አካባቢው ነው፤ ቢበዛ እስከ አጥሩ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሃያ ሠላሳ ሜትሮች ቀድማችሁ ማዘጋጀት አለባችሁ። ይህ መመሪያ የሚያሳየው ዝግጅቱን ነው። ምሳሌዎቹን ከአዲስ አበባ ወስጃለሁ፤ አሠራሩ ግን የትም ከተማ ይሠራል።

ስሕተቱ ከየት ይመጣል?

ሦስት ዓይነት ስሕተት አለ። መፍትሔያቸው ስለሚለያይ መጀመሪያ ለይታችሁ እወቋቸው።

አንደኛው የስልኩ ነው። ሰማዩ ገላጣ በሆነበት ቦታ ደህና ስልክ የሚሳሳተው 5 ሜትር ገደማ ነው። ፎቅ በበዛበት ግን ሲግናሉ ግድግዳ ላይ እየነጠረ ስለሚመጣ ስሕተቱ 20 ወይም 30 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። 5 ሜትር ትንሽ ይመስላል። እግረኛ መንገዱ ራሱ ሁለት ሦስት ሜትር መሆኑን ስታስቡ ግን ነገሩ ይገባችኋል፦ ስልኩ ከመንገዱ በየትኛው ጎን እንዳላችሁ በእርግጠኝነት ሊያውቅ አይችልም።

ሁለተኛው የካርታው ነው። ካርታ ላይ የተቀመጠው ነጥብ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ግቢው መሐል ወይም የሕንፃው ጣሪያ ላይ ነው። በሩ ደግሞ ከኋላ ባለው የኮብልስቶን መንገድ በኩል ሊሆን ይችላል። ስልኩ በትክክል ቢሠራም እናንተ አጥር ትዳብሳላችሁ።

ሦስተኛው የአቅጣጫ ነው። ቆማችሁ ሳለ ጂፒኤስ ፊታችሁ ወዴት እንደዞረ አያውቅም። ያንን የሚናገረው የስልኩ ኮምፓስ ነው፤ ኮምፓስ ደግሞ ብረት አጠገቡ ካለ ይዛባል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቶክባክ የበራበት አንድሮይድ ወይም ቮይስኦቨር የበራበት አይፎን። ሁለቱም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነቡ ስክሪን ሪደሮች ናቸው። ጭላንጭል ካላችሁ የፊደሉን መጠን አሳድጉ፣ ጥቁሩን ገጽታ ምረጡ። ፀሐይ ላይ ስክሪኑ ስለማይታይ ድምፁንም አብራችሁ ተለማመዱ።
- ነጭ በትር። ስልክ የበትርን ሥራ አይሠራም።
- ጆሮን የማይደፍን፣ ጉንጭ አጥንት ላይ የሚያርፍ ኢርፎን። ከሌለ ተራውን ኢርፎን በአንድ ጆሮ ብቻ፣ በግድግዳው በኩል ባለው ጆሮ አድርጉ። የመኪና ድምፅ የሚመጣበት ጆሮ ነጻ መሆን አለበት።
- የአንገት ማንጠልጠያ ወይም የደረት ኪስ።
- የተሞላ ፓወር ባንክ።
- ቴሌግራም። ለምን እንደሆነ ደረጃ 3 ላይ ታገኙታላችሁ።
- አንድ የመንገድ መሪ አፕና አንድ የአካባቢ ተናጋሪ አፕ። ለመንገድ ጉግል ማፕስ፣ ያለ ኢንተርኔት ደግሞ ኦርጋኒክ ማፕስ ወይም ኦስምአንድ። ስትሄዱ በዙሪያችሁ ያለውን ለመስማት ላዛሪሎ በአንድሮይድም በአይፎንም ይሠራል። አይፎን ላይ ብላይንድስኩዌር (የሚከፈልበት ነው) እና ቮይስቪስታ አሉ። ማይክሮሶፍት ሳውንድስኬፕ የተባለውን የአካባቢ ተናጋሪ አፑን በ2023 (እ.ኤ.አ.) ሲያቆም ኮዱን ክፍት ስላደረገው፣ ቮይስቪስታ የተሠራው በእሱ ላይ ነው።

የአማርኛ ጽሑፍ የሚያነብ ድምፅ ከሌላችሁ ኢስፒክ ኤንጂ የሚባለው የንግግር ሞተር አማርኛ አለው። ድምፁ የሮቦት ነው፤ ግን ያነባል። ካርታ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ ስም በእንግሊዝኛ ድምፅ ሲነበብ ይጣመማል፤ ቦሌ «ቦል» ተብላ ልትመጣ ትችላለች። አትደንግጡ፤ ጆሯችሁ ቶሎ ይለምደዋል።

ደረጃ 1፦ ሙሉ ፈቃድ ስጡት

ከአንድሮይድ 12 እና ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ አንድ አፕ «ትክክለኛውን» ወይም «ግምታዊውን» ቦታ ብቻ እንዲያውቅ መምረጥ ይቻላል። ግምታዊው ተመርጦ ከሆነ ስሕተቱ በኪሎ ሜትር ነው። አይፎን ላይ ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ፣ ሎኬሽን ሰርቪስስ ገብታችሁ አፑን ምረጡና «ፕሪሳይስ ሎኬሽን» መብራቱን አረጋግጡ። አንድሮይድ ላይ በአፑ ፈቃድ ውስጥ «ፕሪሳይስ»ን ፈልጉ፤ በተጨማሪ ሎኬሽን ሴቲንግ ውስጥ «ጉግል ሎኬሽን አኪውረሲ»ን አብሩ። ይህኛው ከጂፒኤስ በተጨማሪ ዋይፋይና የኔትወርክ ማማዎችን ስለሚጠቀም ፎቅ በበዛበት ይረዳል።

የባትሪ ቆጣቢውን አጥፉ። አንዳንድ ስልክ ላይ ስክሪኑ ሲጠፋ ሎኬሽኑንም ያቆመዋል። ስክሪኑን ማጨለም ከፈለጋችሁ ስልኩን አትቆልፉት፤ የቶክባክን ወይም የቮይስኦቨርን ስክሪን መደበቂያ ተጠቀሙ። ስክሪኑ ጨለማ ይሆናል፣ ስልኩ ግን ሥራው ላይ ነው።

ደረጃ 2፦ ስልኩን ደረት ላይ አድርጉ

የሰው ሰውነት አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ሲግናል ይውጣል። ስልኩ የኋላ ኪስ ወይም ቦርሳ ውስጥ ሲሆን ግማሹን ሰማይ ራሳችሁ ትከልሉታላችሁ። ደረት ላይ ሲንጠለጠል ይሻላል። ከሌባም ያድናል፤ መንገድ ላይ ስልክ በእጅ ዘርግቶ መያዝ ለነጣቂ ማመቻቸት ነው።

ማግኔት ያለው ሽፋን ካለው አውልቁት። ኮምፓሱን ከሚያዛቡት ነገሮች ዋነኛው እሱ ነው።

ደረጃ 3፦ ስልኩ በስንት ሜትር እንደሚሳሳት ስሙ

የሚያይ ሰው ካርታው ላይ በሰማያዊዋ ነጥብ ዙሪያ ያለውን ክብ አይቶ ስሕተቱን ይገምታል። ክቡ ከሰፋ ስሕተቱ ሰፍቷል። ለእኛ ያንን የሚነግረን ቀላል መንገድ ቴሌግራም ውስጥ አለ።

1. ሴቭድ ሜሴጅስን ክፈቱ። ለራሳችሁ የምትልኩበት ቦታ ነው።
2. አባሪ መላኪያውን ንኩና ሎኬሽንን ምረጡ።
3. «ሴንድ ማይ ከረንት ሎኬሽን» የሚለው ላይ ጣታችሁን አሳርፉ፤ ገና አትላኩ። ስክሪን ሪደሩ ከሥሩ «አኪውሬት ቱ» ብሎ በሜትር ቁጥር ያነብላችኋል።
4. ቆማችሁ ጠብቁ፤ ከደቂቃ በኋላ እንደገና አስነብቡት። መጀመሪያ 40 ያለው ወደ 10 ወይም 6 ሲወርድ ትሰማላችሁ።

ዋትስአፕም ተመሳሳይ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩን ግን እንዳለ አትመኑት። አንድሮይድ «8 ሜትር» ሲል፣ በ8 ሜትር ዙሪያ ውስጥ የመሆናችሁ ዕድል 68 በመቶ ነው ማለቱ ነው። ከሦስት ጊዜ አንዱን ከዚያ ውጭ ናችሁ። እኔ የሰማሁትን ቁጥር በሁለት አባዝቼ ነው የማስበው፤ 8 ካለ 16 ብዬ እዘጋጃለሁ።

ቁጥሩ ከ20 በታች አልወርድ ካለ ቦታ ቀይሩ። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከፎቅ ግርጌ፣ ከመሸጋገሪያ ድልድይ በታች ከሆናችሁ ውጡ። ዝናብና ደመና ግን ጥፋተኛ አይደሉም፤ የጂፒኤስን ሲግናል ይህን ያህል አያዳክሙትም። ክረምት ላይ የሚጎዳችሁ የዝናቡ ድምፅ ነው፤ መኪናውንም ስልኩንም አያሰማም።

ደረጃ 4፦ የበሩን ሎኬሽን ራሳችሁ ያዙ

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ። የካርታ ነጥብ ሌላ ሰው ያስቀመጠው ነው፤ ያስቀመጠውም ለመኪና ወይም ለሚያይ ሰው ይሆናል። የእናንተ ነጥብ ግን በሩ ላይ ይሁን።

ወደ አንድ ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚያይ ሰው ጋር ስትሄዱ፣ በሩ ላይ ቆማችሁ ቴሌግራምን ክፈቱ። ቁጥሩ እስኪወርድ ጠብቁና ለራሳችሁ ላኩ። ወዲያው ከሥሩ የድምፅ መልእክት ቅዱ። መልእክቱ ውስጥ መግባት ያለበት ይህ ነው፦

- የቦታው ስምና የትኛው በር እንደሆነ፤ የመኪና ነው ወይስ የእግረኛ።
- ከዋናው መንገድ ስትመጡ በቀኝ ነው በግራ።
- እግር የሚያውቀው ምልክት፤ አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶን የሚጀምርበት፣ ዳገት፣ ደረጃ፣ የውኃ ቦይ ክዳን።
- ጆሮና አፍንጫ የሚያውቁት ምልክት፤ ወፍጮ ቤት፣ ብየዳ ቤት፣ ቡና የሚቆላበት፣ ዳቦ ቤት።
- በትር የሚነካው የመጨረሻ ነገር፤ የቆርቆሮ አጥር፣ የግንብ ግድግዳ፣ የብረት በር።

ለምሳሌ የአንድ ክሊኒክ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «የክሊኒኩ የእግረኛ በር። ከአስፋልቱ ስመጣ በግራ። ኮብልስቶኑ ከጀመረ በኋላ መጀመሪያ ወፍጮ ቤት ይሰማል። ከወፍጮው በኋላ የግንብ አጥር አለ፤ በበትሬ እየነካሁት ስሄድ ግንቡ አልቆ ብረት ይሆናል። ብረቱ የመኪናው በር ነው፤ አልፌው ጥቂት እርምጃ ስሄድ ትንሿ በር።» ይህ ከማንኛውም ካርታ ይበልጣል።

በሌላ ቀን ተመልሳችሁ በዚያው በር ቆማችሁ እንደገና ላኩ። የሚያይ ሰው ሁለቱን ነጥቦች ካርታ ላይ አይቶ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ይንገራችሁ። ያ ርቀት የስልካችሁ ስሕተት በዚያ ሰፈር ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማችኋል። በአራት ኪሎ ሜዳውና በመርካቶ ጠባብ መተላለፊያ አንድ ስልክ አንድ ዓይነት አይደለም።

ደረጃ 5፦ ከቤት ሳትወጡ መንገዱን ስሙ

ከሴቭድ ሜሴጅስ ያስቀመጣችሁትን ሎኬሽን ከፍታችሁ ወደ ካርታ አፕ አስተላልፉ። በእግር የሚለው መመረጡን አረጋግጡ። የመኪናው ከሆነ ባለ አንድ አቅጣጫ መንገዶችን ስለሚያከብር አዟዙሮ ይወስዳችኋል። ከዚያ መታጠፊያዎቹን አንድ በአንድ እስከ መጨረሻው አስነብቡ። መንገድ ላይ ሆናችሁ መጀመሪያ ጊዜ የምትሰሙት መመሪያ መኖር የለበትም።

ኢንተርኔቱ ቢቆረጥስ? ጂፒኤስ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ካርታው ነው የሚቸገረው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ አለ። ጉግል ማፕስ ላይ የወረደ ካርታ ያለ ኢንተርኔት የሚመራው የመኪና መንገድ ብቻ ነው፤ የእግር መንገድ አይሰጥም። ለእግር ኦርጋኒክ ማፕስ ወይም ኦስምአንድ ላይ የኢትዮጵያን ካርታ በዋይፋይ አውርዳችሁ አስቀምጡ።

ደረጃ 6፦ ውጭ ቆማችሁ ጀምሩ፣ ከዚያ ተራመዱ

ቤት ውስጥ ሆናችሁ «ጀምር» ካላችሁት የመጀመሪያው መመሪያ ስሕተት ይሆናል። ግቢ ውጡ። ኢንተርኔት ከሌለ ታገሡ፤ እያንዳንዱ የጂፒኤስ ሳተላይት የራሱን መገኛ የሚናገርበትን መረጃ የሚደግመው በየ30 ሴኮንዱ ነው፣ ስልኩ ደግሞ ቢያንስ አራት ሳተላይት ይፈልጋል።

አፑ «ወደ ሰሜን ሂዱ» ቢል አትመኑት፣ ገና ቆማችኋልና። በምታውቁት አቅጣጫ ቀጥ ብላችሁ አሥር ሜትር ያህል ተራመዱ። ስልኩ ከእርምጃችሁ ተነሥቶ ወዴት እየሄዳችሁ እንደሆነ ያሰላል። ኮምፓሱ ከተዛባ ስልኩን በእጃችሁ ይዛችሁ በአየር ላይ የ8 ቁጥርን ቅርጽ ደጋግማችሁ ሣሉ። ይህን የቆመ መኪና አጠገብ አታድርጉ።

ደረጃ 7፦ እየሄዳችሁ በሁለት ምስክር አረጋግጡ

አፑ ብቻውን ሲናገር አንድ ምስክር ነው። «በ50 ሜትር ወደ ቀኝ ታጠፉ» ካለ ሁለተኛ ምስክር ፈልጉ፦ በቀኝ በኩል ግድግዳው አልቆ የነፋስ ክፍተት ተሰማችሁ? የመኪና ድምፅ ከዚያ በኩል ይመጣል? ካልሆነ ገና አልደረሳችሁም ወይም አልፋችኋል። ሁለት ሦስት ሴኮንድ መዘግየት ያለ ነገር ነው።

አንዳንድ አፖች አቅጣጫን በሰዓት ይናገራሉ። 12 ፊት ለፊት ነው፣ 3 በቀኝ፣ 9 በግራ፣ 6 ከኋላ። የሚቆጠረው በሰዓቱ ፊት ላይ በተጻፈው ቁጥር ነው። እኛ እጁ 12 ላይ ሲሆን ስድስት ሰዓት ስለምንል፣ ወደ እኛ አቆጣጠር ከለወጣችሁት ፊትና ኋላ ይገለበጣል። ከሚያግዛችሁ ሰው ጋርም ቀድማችሁ ተስማሙበት።

ደረጃ 8፦ ሚኒባስ ውስጥ

መስኮት አጠገብ ተቀመጡ፤ የመኪናው ቆርቆሮ ሲግናል ይጋርዳል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሚኒባስ በሴኮንድ 10 ሜትር ያልፋል። አፑ 4 ሴኮንድ ከዘገየ 40 ሜትር አልፋችኋል። ስለዚህ መውረጃችሁ ጋ ሲደርስ ሳይሆን ከመውረጃችሁ በፊት ያለው ፌርማታ እንዳለፈ «ወራጅ አለ» በሉ። ለረዳቱም ስትገቡ ንገሩት።

ስትወርዱ አፑ ለጥቂት ጊዜ አሁንም መኪና ውስጥ ያላችሁ ሊመስለው ይችላል። ግድግዳ ይዛችሁ ቁሙ፣ የደረጃ 3ን ቁጥር ስሙ፣ ከዚያ ሂዱ።

ደረጃ 9፦ የመጨረሻዎቹ 30 ሜትሮች

አፑ «30 ሜትር ቀረ» ሲል እርምጃችሁን ቀንሱ። ከዚህ በኋላ የሚመራችሁ የራሳችሁ የድምፅ መልእክት ነው። በሩ ወዳለበት ጎን ተጠግታችሁ ግድግዳውን በበትር ተከተሉ። «ደርሰዋል» ቢል አትቁሙ፤ ምልክቶቹን እስክታገኙ ቀጥሉ። ርቀቱ እንደገና ጨምሮ ካለፋችሁ ዞራችሁ በዚያው ግድግዳ ተመለሱ። መንገድ ተሻግራችሁ ፍለጋ አትጀምሩ።

ሁለት ጊዜ ተመላልሳችሁ ካጣችሁት ጠይቁ። አጠያየቁም ለውጥ ያመጣል። «እገሌ ክሊኒክ የት ነው?» ስትሉ «ያውና እዚያ ጋ» ተብሎ በጣት ይጠቆማል። «የክሊኒኩ በር ከቆምኩበት በቀኜ ነው በግራዬ? ስንት እርምጃ ይሆናል?» ብትሉ ግን የሚጠቅም መልስ ታገኛላችሁ።

ማስጠንቀቂያ

አፑ «መንገዱን አቋርጡ» ስላለ አትሻገሩ። ዜብራ መኖሩን፣ መብራቱን፣ የሚመጣውን መኪና አያይም። የቀላል ባቡሩ ሐዲድ በመንገዱ መሐል በሚያልፍበት ቦታ ደግሞ አጥር ወይም ግንብ ሊገጥማችሁ ይችላል። መሻገሪያውን በጆሮ፣ በበትርና በሰው አረጋግጡ።

ክፍት ጉድጓድ፣ እግረኛ መንገድ ላይ የቆመ መኪና፣ የተዘረጋ ሸቀጥ፣ የግንባታ ገመድ፣ እነዚህ በየትኛውም ካርታ ላይ የሉም። አፑ ሲናገር በትራችሁ እንዳይቆም። ማዳመጥ ካለባችሁ ቆማችሁ አዳምጡ።

የኮሪደር ልማት ያለፈባቸውን ሰፈሮች፣ ለምሳሌ ፒያሳንና ካዛንቺስን፣ እንደ አዲስ ቦታ ቁጠሯቸው። የፈረሱ ሱቆች ካርታ ላይ ሊቀሩ ይችላሉ፤ የድሮ የድምፅ ምልክቶቻችሁም ላይሠሩ ይችላሉ። ከሚያይ ሰው ጋር አንዴ ሄዳችሁ አዲስ ቅዱ።

የበራችሁን ሎኬሽን ለማታውቁት ሰው፣ በተለይ በቀጥታ በሚከታተል ሎኬሽን፣ አትላኩ። ለምታምኑት የቤተሰብ ሰው ግን ወደ አዲስ ቦታ ስትሄዱ መላክ ጥሩ ነው።

ተደጋጋሚ ስሕተቶች

*ቅርንጫፉን አለማጣራት።* የባንክ ስም ብቻ ጽፋችሁ የመጀመሪያውን ውጤት ስትመርጡ ሌላ ክፍለ ከተማ ያለው ሊሆን ይችላል። ከመጀመራችሁ በፊት ርቀቱን አስነብቡ። አሥር ደቂቃ የሚያስሄድ ቦታ 7 ኪሎ ሜትር ካለ ቅርንጫፉ ተሳስቷል።

*ሁለት አፕ በአንድ ላይ እንዲናገሩ ማድረግ።* መሪውና አካባቢ ተናጋሪው ሲደራረቡ ሁለቱንም አትሰሙም። መታጠፊያ ሲቃረብ አካባቢ ተናጋሪውን ዝም አሰኙት።

*የካርታውን ስሕተት እያወቁ ማለፍ።* ነጥቡ የተሳሳተ ቦታ ላይ ካለ ጉግል ማፕስ ላይ «ሰጀስት ኤን ኤዲት» ብላችሁ የበሩን ቦታ ላኩ። የሚያይ ሰው ካርታው ላይ ነጥቡን ቢያንቀሳቅስላችሁ ይቀላል። ቮይስቪስታንና ኦርጋኒክ ማፕስን የመሳሰሉ አፖች የሚመገቡት ማንም ሰው ሊያርመው ከሚችለው ከኦፕንስትሪትማፕ ካርታ ስለሆነ፣ እዚያ ላይ አንድ በር በትክክል ሲገባ ሌላውም ዓይነ ስውር ያንኑ በር ያገኛል።

*ባትሪው 20 በመቶ ሲሆን መንገድ መጀመር።* ጂፒኤስ፣ ስክሪን ሪደርና ኢንተርኔት አንድ ላይ ሲሠሩ ባትሪ ይበላሉ። ከመውጣታችሁ በፊት ሙሉት፤ የመታጠፊያዎቹንም ቅደም ተከተል በቃላችሁ ያዙ። ስልኩ መሐል መንገድ ላይ ከጠፋ ባላችሁበት ግድግዳ ይዛችሁ ቁሙ፣ ፓወር ባንኩን ሰኩ፣ ሲነሣም ጉዞውን ከመቀጠላችሁ በፊት የሜትሩን ቁጥር እንደገና አስነብቡ።